ስለ ሽማግሎችና ስለ ባልቴቶች መጦሪያ ቤት ጥንቃቄ

መጦር የሚባለው ቃል በአማርኛ ሰፊ ትርጓሜ አለው። ማብላትና ማልበስ ብቻ አይደለም፤ ያሳደገ ሰው ጉልበቱ በደከመ ጊዜ ደግፎ መያዝ፥ ዐይኑ በፈዘዘ ጊዜ መንገድ መምራት፥ በታመመ ጊዜ ማስታመም፥ በመጨረሻም በክብር መቅበር ነው። የኢትዮጵያ ሰው ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ማለቱ ስለዚህ ነው። ይህ ምርቃት ለብዙ ዘመን ሲፈጸም የኖረው በቤት ውስጥ፥ በልጅና በዘመድ እጅ ነበረ። ዛሬ ግን ልጁ ሞቶበት ወይም ርቆበት፥ ዘመድም አጥቶ፥ በማያውቀው ሰው እጅ የሚጦር ሽማግሌ አለ። እንግዲህ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚጠየቀው፥ ማደሪያ ተገኘላቸው ወይ የሚለው ብቻ ሳይሆን፥ የተገኘው ማደሪያ የታመነ ነው ወይ የሚለውም መሆን ይገባዋል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ ከዊንጌት አልፎ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አስኮ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ናት። አስኮ በጫማና በብርጭቆ ፋብሪካ ስሟ ሲነሣ የኖረ የሠራተኞች ሰፈር ናት። በወጣትነቱ በመኪና ፊት ቆሞ የሠራ ሰው ዛሬ ሸምግሏል፤ ጡረታ ያለው በጡረታው ይተዳደራል። ይሁን እንጂ ጡረታ ለሁሉ እኩል አልደረሰም። የመንግሥት ሠራተኛ በ1955 ዓ.ም. የጡረታ ዐዋጅ ሲወጣለት፥ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን የራሱን የጡረታ ዐዋጅ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው። በጉልት ቸርቻሪ፥ በሰው ቤት ልብስ አጣቢ፥ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆኖ ዕድሜውን የፈጸመ ሰው ደግሞ በእርጅናው ከልጅና ከጎረቤት በቀር መጠጊያ የለውም። በዚሁ ሰፈር የእማሆይ ቴሬዛ ማኅበር ደናግል አሳዳጊ ያጡ ሕሙማን ሕፃናትን ሲረዱ ስለ ኖሩ፥ የምሕረት ቤት ምን እንደ ሆነ ለአስኮ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሕጉ ስለ አረጋውያን ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ፥ መንግሥት የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣውም የቤተ ሰብ ሕግ፥ ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ሕግ ያልደረሰበትን ደግሞ በጎ አድራጊዎች ሸፍነውታል። አቶ ቢንያም በለጠ በወላጆቻቸው ቤት የጀመሩት መቄዶንያ የተባለው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ፥ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከመንገድ አንሥቶ የሚጦር ሆኗል። እንዲህ ላለው ሥራ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ምስጋናው ጥያቄን የሚከለክል መሆን የለበትም፤ የሚሰጠው በምጽዋት ቢሆንም እንኳ፥ የሚቀበለው ሰው ክብሩና ደኅንነቱ እንዲጠበቅለት መብት አለውና።

ይልቁንም ጥንቃቄውን የግድ የሚያደርገው የሽማግሌው ዝምታ ነው። ልጅ ያለው ሰው ቢበደል ልጁ ይጮኽለታል። ወገን የሌለው ግን፥ ቢያማርር ከቤቱ የሚያስወጡት እየመሰለው፥ ሌሊት መውደቁንም ቀን መራቡንም ሳይናገር ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው፥ በልዩ ልዩ ሀገር በመጦሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሠራተኞች መካከል ከሦስቱ ሁለቱ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ በአረጋውያን ላይ አንድ ዓይነት በደል ማድረሳቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ይህ የሚያሳየው የሠራተኛው ልብ ክፉ መሆኑን ብቻ አይደለም፤ ሰው ጥቂት፥ ሥራው ብዙ፥ ተቈጣጣሪም የሌለ በሆነበት ቤት ደግ ሰውም ቢሆን የሚሰለችና የሚቈጣ መሆኑን ነው።

የቤቱን አሠራር የተመለከትን እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ለመጦሪያ የሚያዘው ቤት ለዚህ አገልግሎት የተሠራ አይደለም። ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራ የግቢ ቤት በኪራይ ወይም በስጦታ ተገኝቶ አልጋ ይደረደርበታል። ደረጃው ቁልቁል ነው፤ መጸዳጃው ከግቢው ጥግ ነው፤ በክረምት ዝናብ ጊዜ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ያዳልጣል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። በግድግዳው ላይ የሚያዝ እንጨት መምታት፥ በሌሊት አንድ አምፖል አብርቶ ማሳደር፥ የሚያዳልጠውን ንጣፍ ሻካራ ማድረግ ይህን ያህል የሚያስቸግር ወጪ የለውም፤ ጥቅሙ ግን የዳሌ አጥንት ከመሰበር የሚያድን ነው።

ከመውደቅ የሚከፋው እሳትና የከሰል ጭስ ነው። በብርድ ጊዜ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳደር ስንቱን ቤተ ሰብ እንደ ጨረሰ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። መስኮቱ በብረት የታጠረ፥ በሩም ሌባ እንዳይገባ ወይም የዘነጋ ሽማግሌ እንዳይወጣ ተብሎ በውጭ የተቈለፈ ቤት፥ እሳት የተነሣ እንደ ሆነ ወጥመድ ይሆናል። በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር በካናዳ ሀገር፥ በኬቤክ ግዛት ሊል ቬርት በምትባል ትንሽ ከተማ፥ የሽማግሎች ማደሪያ ሌሊት ተቃጥሎ 32 ሰዎች ሞተዋል። ከቤቱ አንደኛው ክፍል እሳት ሲነሣ በራሱ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ነበረው፤ ሌላው ክፍል አልነበረውም። ከዚህ በኋላ ነው ግዛቱ መሣሪያው በአረጋውያን ማደሪያዎች እንዲገባ በሕግ ያዘዘው። ባለጠጋው ሀገር ከሞት በኋላ የተማረውን፥ ሌላው ሀገር ከሞት በፊት ቢማረው ይሻላል።

ከቤቱ ቀጥሎ የሚታየው አስታማሚው ነው። ከአልጋ የማይነሣ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ያህል ካልተገላበጠ ሰውነቱ ይቈስላል። መድኃኒት ለማን፥ በስንት ሰዓት፥ ምን ያህል እንደ ተሰጠ በመዝገብ ካልተጻፈ የአንዱ ለሌላው ይሰጣል። ሌሊት የሚነቃ ሰው ከሌለ የታነቀውን የሚሰማ አይኖርም። ደግሞም ጿሚው እንዲጾም፥ ሰጋጁ እንዲሰግድ፥ እያንዳንዱም የራሱ ልብስና የራሱ ሣጥን እንዲኖረው ማድረግ ከጥንቃቄው አንዱ ክፍል ነው። ለርዳታ መለመኛ ተብሎ የሽማግሌውን እርቃንና እንባ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ እያነሡ ማሳየትም መቅረት ያለበት ነውር ነው።

ይህ ሁሉ ጥብቅ ሕግ ቢሆን ድሀው መጦሪያ ተዘግቶ ሽማግሌው ወደ መንገድ ይመለሳል የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ እውነት አለበት፤ መልሱ ግን ሕጉን መተው ሳይሆን በተራ ማድረግ ነው። ገንዘብ የማይጠይቀው፥ ማለት በርን በውጭ አለመቈለፍ፥ ከሰል አለማሳደር፥ የሌሊት ተረኛ ማቆም፥ መዝገብ መያዝ፥ ዛሬውኑ ይታዘዝ። ገንዘብ ለሚጠይቀው ጊዜ ይሰጥ፤ ርዳታም ይጨመርበት። ተቈጣጣሪው ለመዝጋት ሳይሆን አስቀድሞ ለማስተካከል ይምጣ፤ ነገር ግን ቀጠሮ ሳይሰጥ ይምጣ። በእንግሊዝ ሀገር ለዚህ ሥራ የተመደበው መሥሪያ ቤት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጦሪያ ቤቶችን እየመረመረ፥ ያገኘውን ለሕዝብ ያስታውቃል። የአፍሪቃ ኅብረት መሪዎችም በጥር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተቀበሉት የአረጋውያን መብት ስምምነት፥ በመጦሪያ ቤት የሚሰጠው እንክብካቤ ከተወሰነ ደረጃ በታች እንዳይሆን ተስማምተዋል።

በሴቶችና በማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርና በየወረዳው ያሉት ሹማምንት ይህን ደረጃ የማስከበር ኀላፊነት አለባቸው። ነገር ግን ሹም በዓመት አንድ ጊዜ የሚያየውን ጎረቤት በየቀኑ ያያል። ከዊንጌት እስከ ሳንሱሲ ያሉት የአስኮ ዕድሮች ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ፤ ሬሳም ይሸኛሉ። ከአባሎቻቸው ሁለት ሁለት ሰው መርጠው፥ በአካባቢያቸው ያለውን መጦሪያ በወር አንድ ቀን ቢጐበኙ፥ ከሽማግሌውም ጋር አስታማሚው በሌለበት ቢነጋገሩ፥ ያዩትንም ለወረዳው ቢያስታውቁ፥ ጧሪ ላጣው ሰው ቀባሪ ብቻ ሳይሆኑ ጧሪም ይሆኑለታል።