ዘር የማቆየት ወጪ፦ ሒሳቡ ማቀዝቀዣው ላይ አያልቅም

እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ውጤት ይፋ አደረጉ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ከ9,000 በላይ የማሽላ ናሙናዎችን ፈትሸው፣ ሰውነታችን ራሱ ሊያመርተው የማይችለውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ንጥረ ነገር በብዛት የያዙ ሁለት ብቻ አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ ግን እንዲህ ያሉትን ማሽላዎች ከቀድሞም ያውቃቸዋል፤ ወተት በጉንጬ፣ ማር ጩቄ እያለ ይጠራቸዋል። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርታቸውም ከሌላው ያንሳል። ስለዚህ ማሳውን ሁሉ አይሰጣቸውም፤ በሌላው ማሽላ መሀል ጣል ጣል አድርጎ ይዘራቸውና በእሸታቸው ጠብሶ ይበላቸዋል።

ስለ ወጪ ለማሰብ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ሁለቱን ለማግኘት ዘጠኙም ሺህ ተጠብቀው መቆየት ነበረባቸው። የትኛው ናሙና ለየትኛው ችግር እንደሚውል አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ጥቅሙ ከጥቂቶቹ ቢገኝም ወጪው የሁሉም ነው። ሁለተኛ፣ ከቤተ ሙከራው በፊት ዘሩን ያቆየው ገበሬ በምርት ማነስ ዋጋ ከፍሎበታል። ይህ ክፍያ ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

የሰብል ዘረመል ማቆየት ስንት ያስወጣል ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ይሄዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ ያቋቋመችው፣ ዛሬ በብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የአዲስ አበባው ጂን ባንክም ሲነሳ ቶሎ የሚታየን ይኸው በታሸጉ ከረጢቶች የተሞላ ቀዝቃዛ ክፍል ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ዘር በደንብ ደርቆና አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የዘር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌትም አለ፦ በተወሰነ ገደብ ውስጥ፣ የዘሩ እርጥበት አንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ሙቀቱም 5 ዲግሪ ገደማ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይረዝማል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ክፍል መሥራት ከፍተኛ ገንዘብ ይጠይቃል። አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን አንድ ከረጢት መጨመር የሚያስከትለው ወጪ ኢምንት ነው፤ መደርደሪያው ሞላም ጎደለም የመብራት ሒሳቡ ያው ነው።

ከባዱ ወጪ የሚመጣው ዘሩ ከማቀዝቀዣው ሲወጣ ነው። ዘር ሕይወት ስላለው በቅዝቃዜም ውስጥ ቀስ በቀስ ያረጃል። በየተወሰነ ዓመቱ ከናሙናው ጥቂት ፍሬ ተወስዶ እርጥብ ወረቀት ላይ ይቀመጥና ስንቱ እንደበቀለ ይቆጠራል። የመብቀል አቅሙ መጀመሪያ ከነበረው ከ85 በመቶ በታች ከወረደ ናሙናው መታደስ፣ ማለትም ማሳ ላይ ተዘርቶ እንደገና መሰብሰብ አለበት።

እዚህ ላይ ሰብል ከሰብል ይለያያል። ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ናሙናዎቹን ጎን ለጎን በመደብ ዘርቶ ለየብቻ ማጨድ ይቻላል። ኑግ ግን ንብ ከሌላ ተክል ብናኝ ካላመጣለት በቅጡ አያፈራም። ሁለት የኑግ ናሙናዎች ተጠጋግተው ከተዘሩ ይደባለቃሉ፤ የአርሲው ከጎጃሙ ሳይለይ ይቀራል። ስለዚህ ወይ አራርቆ መዝራት፣ ወይ በመረብ አጥሮ ንብ ማስገባት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የገበሬ ዘር አንድ ወጥ አይደለም፤ በአንድ እፍኝ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለ። ጥቂት ተክል ብቻ ዘርቶ ያደሰ ሰው ዘሩን አገኘሁ ሲል ብርቅዬዎቹን ዓይነቶች ሊያጣ ይችላል። የደጋው ዘር ቆላ፣ የቆላውም ደጋ ላይ ስለማይሆንለት መሬቱም በየአየር ንብረቱ መገኘት አለበት። ይህ ሁሉ መሬት፣ የቀን ሠራተኛ፣ መኪናና የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል።

ጭራሹን ማቀዝቀዣ የማይገቡም አሉ። የቡና ፍሬ ደርቆና ቀዝቅዞ ለረጅም ዘመን አይቆይም። እንሰትም ዝርያው ሳይለወጥ የሚራባው ከአሚቾው በሚወጣ ችግኝ ነው። ስለዚህ የሚጠበቁት በቁማቸው ነው፤ ቡናው በጅማ ዞን ጮጬ በተተከለው ዓይነት የመስክ ጂን ባንክ፣ እንሰቱም እንዲሁ በማሳ። አረሙ፣ አጥሩ፣ ዘበኛው፣ የበሽታ ቁጥጥሩ በየዓመቱ አለ። አንድ ዓመት በጀት ቢቋረጥ፣ የደረቀ ዘር ሊታገሥ ይችላል፤ የቡና ማሳ ግን አይታገሥም።

ይህን ሒሳብ በዝርዝር ከሠሩት መካከል ቦንዎ ኩ፣ ፊሊፕ ፓርዲና ብራያን ራይት ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከላት በወቅቱ የያዟቸውን 666,000 ያህል ናሙናዎች ለማቆየትና ለማሠራጨት በዓመት 5.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚበቃ፣ ይህንንም ለዘለዓለም ለመሸፈን 149 ሚሊዮን ዶላር በቋሚነት ማስቀመጥ እንደሚያስፈልግ አስልተዋል። ለዓለም የምግብ ዋስትና ይህ ብዙ ገንዘብ አይደለም። የቁጥሩ ቁም ነገር ግን በመጠኑ ሳይሆን በባሕርዩ ላይ ነው፦ ወጪው ማብቂያ የለውም። የለጋሾች ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው በሦስትና በአምስት ዓመት ፕሮጀክት ነው። ለአሰሳ፣ ለሕንፃና ለማሽን ለጋሽ ይገኛል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚደረግ የብቅለት ፍተሻ ግን ማን ይለግሳል? በዚያው በ2004 የተቋቋመው የዓለም የሰብል ብዝሀነት አደራ ድርጅት ዋናው ተቀምጦ ወለዱ ብቻ የሚወጣበትን ቋሚ ፈንድ የመረጠው ለዚህ ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥም ከእድሳት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2008 በኖርዌይ ስቫልባርድ የተከፈተው የዘር ጎተራ ከአስቀማጮች ኪራይ አይጠይቅም። በሶርያ ጦርነት ሳቢያ አሌፖ ያለውን ጂን ባንክ መጠቀም ያቃተው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳ፣ በ2015 ቀድሞ ያስቀመጠውን ቅጂ ከስቫልባርድ አውጥቷል፤ ነገር ግን ከረጢት ማውጣት ብቻውን ባንክ አያቋቁምም። ዘሩን በሊባኖስና በሞሮኮ ዘርቶ ማባዛት ነበረበት፤ የታደሰውን ወደ ስቫልባርድ መመለስ የጀመረው በ2017 ነው።

የመጨረሻው ወጪ የገበሬው ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ከገባበት ቀን ጀምሮ ከአዲስ በሽታና ከሚለወጥ የአየር ጠባይ ጋር አይተዋወቅም፤ ማሳ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ ይፈተናል። የኢትዮጵያ ጂን ባንክ የቀድሞ ኃላፊ ዶክተር መላኩ ወረደ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት ሰው፣ ዘር ከገበሬው ጋር ማሳ ላይ ይጠበቅ ብለው የተከራከሩት ለዚህ ነው። እንደ ምሥራቅ ሸዋው እጀሬ ያሉ የማኅበረሰብ ዘር ባንኮችም የዚሁ ሐሳብ ፍሬ ናቸው። ሆኖም ጎረቤቱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ተጠቅሞ የተሻለ ሲያፍስ፣ የአባቱን ስንዴ ይዞ የቀረው ገበሬ ልዩነቱን ከኪሱ እየከፈለ ነው። ልጆቹን የሚያስተምርበትን ገንዘብ ለዓለም ብዝሀነት እንዲለግስ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም፣ አያዛልቅምም።

ከዘሩ ጥቅም ተጋርተን ወጪውን እንከፍላለን የሚለው ተስፋም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍ ስምምነት ተፈራረመች። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ አገሪቱም እዚህ ግባ የሚባል ገቢ ሳታገኝ ቀረች። ጥቅም የመጋራት መብትን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በጀትን በእሱ ላይ መመሥረት ግን አያዋጣም።

እንግዲህ ወጪዎቹ የተለያዩ ከሆኑ ከፋያቸውም መለየት አለበት። ለቀዝቃዛው ክፍልና ለእድሳቱ የማይቋረጥ መደበኛ በጀት ወይም ቋሚ ፈንድ፤ ለገበሬው ደግሞ የተሻለ የገበያ ዋጋ ወይም ለጎደለበት ምርት ማካካሻ። ስለ ዘር ጥበቃ ሪፖርት ሲቀርብ የተሰበሰበው ናሙና ብዛት ቀድሞ ይነገራል። በዚያ ላይ ሁለት ጥያቄ መጨመር ይገባል፦ ዘንድሮ ስንቱ ታደሰ? ማሳው ላይ ላቆየው ገበሬስ ማን ከፈለው? መልስ ከሌላቸው፣ ሪፖርቱ የሚነግረን ስንት እንደተሰበሰበ እንጂ ስንቱ በሕይወት እንዳለ አይደለም።