ሐራራ ነው ወይስ ረኀብ?

ስለ ምግብ ማስተማር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ነው፤ ይኸውም ኀይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ የሚባለው። ነገር ግን ነገ ተመድበን በምንሄድበት ቀበሌ የሚጠብቁን ሕፃናት ብቻ አይደሉም። መጠጥ ወይም ጫት ለመተው የሚታገል የተማሪ አባትም ምክር ሊጠይቀን ይችላል። ታዲያ ለእንዲህ ያለው ሰው ትምህርቱ ከየት ይጀመራል?

መጀመሪያ ጉዳቱን እንወቅ። አረቄ ለሰውነት ጉልበት ይሰጣል እንጂ አይገነባም። ጠጪው ሳይበላ የጠገበ ይመስለዋል። ከዚህም አልፎ አልኮል አንጀት ቪታሚን ቢ1ን በደንብ እንዳይመጥ ያውካል። እጥረቱ ሲብስ ሐሳብ ይምታታል፣ የዓይን እንቅስቃሴ ይዛባል፣ እግር ይንገዳገዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ ይህን ሕመም በ1881 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። ሲያዩት ስካር ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። ጫትም በበኩሉ ካቲኖን በተባለው ንጥረ ነገር የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ከተቃመ በኋላ እራት አይቀመስም፣ ሌሊቱም ያለ እንቅልፍ ይነጋል።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሱሱን የተወ ሰው ረኀቡ ሲመለስ አይለየውም። ባዶ ሆድ ያመጣበትን መነጫነጭ ሐራራ ነው ብሎ ወደ ጠጅ ቤት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሐራራው ሲመጣብዎ እህል ከቀመሱ ስንት ሰዓት ሆነዎ?»

ከዚያ በኋላ በቤት ካለው እንነሣ። ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ያልተፈተገ እህል ቪታሚን ቢ1 አላቸው። ጎመን ሲጨመር፣ ሲገኝም ዕንቁላልና ወተት ሲታከል ገበታው ይሟላል። የሚበላውም በትንሽ በትንሹ፣ ሰዓት ጠብቆ ይሁን፤ ለብዙ ቀን ምግብ ያልቀመሰን ሰው በአንዴ ማጥገብ አደጋ አለውና።

ምግብ ግን ሐኪምን አይተካም። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና መንፈራገጥ ሊደርስበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከማቆሙ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በመጨረሻም እኛ ዕጩ መምህራን አንድ ነገር አንርሳ። ይህ ሰው «ይህን አትጠጣ» የሚለውን ከሁሉም ሲሰማ ኖሯል። «ምሳ በልተዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀው ግን ስንቱ ነው?