«ማን ፈለሰፈው?» ከሚለው ጥያቄ ባሻገር፦ ስለ ሳይንስና ፈጠራ በእንግሊዝኛ ክፍል የሚካሄድ ውድድር



የዛሬው ርእሴ ለአዳራሽ የሚበቃ አይመስል ይሆናል። የምናገረው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህሩ ወይም የእንግሊዝኛ ክበቡ ስለሚያዘጋጀው የጥያቄና መልስ ውድድር ነው፤ በተለይም ስለ ሳይንስና ፈጠራ ስለሚደረገው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክፍሉ በሁለት ወይም በሦስት ቡድን ይከፈላል፤ መምህሩ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ፈጥኖ እጁን ያወጣ ይመልሳል፤ ነጥቡ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይመዘገባል፤ አሸናፊው ቡድን ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማል። ስልክን ማን ፈለሰፈው? ቤል። አምፖልን? ኤዲሰን። ፔኒሲሊንን? ፍሌሚንግ። ጭብጨባ።

በመምህራን ሥልጠና ሥራዬ ይህን የመሰለ ውድድር ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተከታትያለሁ። ይቅር የምል አይደለሁም። ዓመቱን ሙሉ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይተነፍስ የሚከርም ተማሪ በዚያች ሰዓት ከመቀመጫው ሲነሣ አይቻለሁና። የምከራከረው ስለ ጥያቄው ዓይነት ነው። «ማን ፈለሰፈው?» የሚለው ጥያቄ የሚፈልገው መልስ አንድ ስም ብቻ ነው። ስም ደግሞ ቋንቋ አይጠይቅም። «ኤዲሰን» የሚለው ቃል በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በእንግሊዝኛም ያው ኤዲሰን ነው። እንግዲህ የእንግሊዝኛ ውድድር ያሸነፈው ተማሪ በእንግሊዝኛ ምን አለ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ «ምንም» ሆኖ እናገኘዋለን።

ይህ ለምን ያሳስበናል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የትምህርት መስጫ ቋንቋ አድርጎ ደነገገ። በአንዳንድ ክልሎች ሽግግሩ ቀድሞ በሰባተኛ ክፍል ይደረግ ነበር። ስለ ኃይል፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ሕዋስ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያስብ የኖረ ልጅ፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ይህ ሁሉ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ይጠብቀዋል። የፊዚክስ መምህሩ ቋንቋውን ማስተማር የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ነው ይላል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ደግሞ ፊዚክሱ አይመለከተኝም ይላል። ልጁ በሁለቱ መካከል ይቀራል። ሁለቱ የትምህርት ዓይነቶች በግልጽ ከሚገናኙባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ውድድር ነው። ስለዚህ ውድድሩ የሚሸልመው ነገር ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሸምዳጁን ሸልሞ አስረጂውን ዝም ካሰኘ፣ ሳይንስን በዚያ ቋንቋ መናገር የሚችለውን ተማሪ «አንተ አታውቅም» ብሎ አስቀምጦታል።

ወደ ሰዋስው ልግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ተገብሮ ግስን ሲያስተምሩ በብዛት የሚያቀርቡት ምሳሌ ፈጠራን የሚመለከት ነው፤ «ስልክ በቤል ተፈለሰፈ» የሚለው ዓይነት። ውድድሩም ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ይህን ለማለማመድ ነው። ተማሪው «ባይ» በምትለው መስተዋድድ ላይ የሰው ስም ሰክቶ ይቀመጣል። አሁን የማንኛውንም የኬሚስትሪ ወይም የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ገጽ ገልጣችሁ ተገብሮ ግሶቹን ቁጠሩ። ፈሳሹ ተሞቀ፤ አየሩ ወጣ፤ ቱቦው ታሸገ፤ ውጤቱ ተመዘገበ። አብዛኞቹ አድራጊያቸው አይጠቀስም። ሳይንስ ተገብሮን የሚወድበት አንዱ ምክንያት አድራጊውን ወደ ጎን ትቶ ድርጊቱን ፊት ለፊት ለማቆም ስለሚያስችለው ነው። በሌላ አነጋገር፣ ውድድራችን የሚያለማምደው ሳይንስ እምብዛም የማይጠቀምበትን የተገብሮ መልክ ነው፤ ሳይንስ ዘወትር የሚጠቀምበትን መልክ ግን ተማሪው አንድም ጊዜ ሳይናገረው ዘጠነኛ ክፍል ይገባል።

የአማርኛው ጠባይም ይጨመርበታል። አማርኛ «ስልክ በቤል ተፈለሰፈ» ማለትን እምብዛም አይወድም፤ «ስልክን የፈለሰፈው ቤል ነው» ማለትን ይመርጣል። ይህ አገላለጽ ፈልሳፊው አንድና የታወቀ ሰው እንደሆነ አስቀድሞ ይወስናል። የቀረው ስሙን መጥራት ብቻ ነው። ነገሩን ካነሣሁ አይቀር፣ «ፈለሰፈ» የሚለው ግሳችን ከ«ፈላስፋ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ «ፈጠራ» ደግሞ ከፈጣሪ ሥራም፣ «የፈጠራ ወሬ» ከምንለው ውሸትም ጋር ይዋሰናል። ተማሪ እንግሊዝኛው መፈልሰፍን፣ ማግኘትንና ማበልጸግን በሦስት ግሶች እንደሚለይ ሲሰማ ቢደናገር አይፈረድበትም። ልዩነቱን የሚያስተምረው ግን የቃላት ዝርዝር ሳይሆን ታሪኩ ነው።

ታሪኩን እንመልከት። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክ ፈጠራውን ለማስመዝገብ ያቀረበው ማመልከቻ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የፓተንት ቢሮ የገባው እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 1876 ነው። በዚያኑ ዕለት ኤሊሻ ግሬይ የተባለ ሌላ ሰው፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መሣሪያ የቅድሚያ ማስታወቂያ አስገባ። ቤል መጋቢት 7 ቀን ፓተንቱን ተቀበለ፤ ረዳቱን ዋትሰንን በመሣሪያው የጠራው ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ከሁለቱም በፊት፣ በ1871፣ አንቶኒዮ ሜዉቺ የተባለ ጣሊያናዊ ስደተኛ ተመሳሳይ ማስታወቂያ አስገብቶ ነበር፤ ለማሳደሻ የሚከፍለው ገንዘብ ስላጣ ከ1874 በኋላ ማስታወቂያው ጊዜው አለፈበት። በ2002 የአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሜዉቺን የሚያወድስ የውሳኔ ሐሳብ ሲያጸድቅ፣ የካናዳ ፓርላማ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤልን የሚደግፍ ሌላ ውሳኔ አሳለፈ። ሁለት ፓርላማ ያልተስማማበትን ነገር የእኛ ስምንተኛ ክፍል በአምስት ሰከንድ እንዲመልሰው እንጠይቃለን፤ ከዘገየም ነጥቡ ለተቃራኒ ቡድን ይሰጣል።

አምፖሉም እንዲሁ ነው። ኤዲሰን ያሳካውን የ1879 ሙከራ ሲያካሂድ፣ ጆሴፍ ስዋን በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ የካርቦን ክር ያለውን መብራቱን ለታዳሚ አሳይቶ ነበር። በኋላ ሁለቱ በ1883 በእንግሊዝ አገር በጋራ ኩባንያ ተጣመሩ። የካርቦኑን ክር የማምረት ዘዴ በማሻሻል በ1882 ፓተንት ያገኘው ሉዊስ ላቲመር ከባርነት ያመለጡ ጥቁር አሜሪካውያን ልጅ ነው፤ ስሙን በውድድር ላይ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ፔኒሲሊን በአጭሩ ልናገር። ፍሌሚንግ በ1928 ሻጋታው ባክቴሪያን እንደሚገድል አስተዋለ፤ ንጥረ ነገሩን ለይተው መድኃኒት ያደረጉት በኦክስፎርድ ፍሎሪ፣ ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የ1945ቱን የኖቤል ሽልማት ሦስቱ ተካፈሉት። ለመሆኑ ፔኒሲሊን ተገኘ ወይስ ተፈለሰፈ? ለእንግሊዝኛ ክፍል ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም፤ በአንድ ስም ሊመለስ አይችልምና።

ከሩቅ አገር ምሳሌ ብቻ እንዳልቆጥር የቤታችንን ላንሣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ባለው የወንዙ ክፍል፣ ከላይኛው ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ። ከዚህ ትዝብት የተነሣው ምርምር ለእርሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘ። በዚህ ታሪክ ውስጥ «አገኘ» የሚለው ግስ ባለቤቱ ማን ነው? እንዶድ ልብስ እንደሚያጠራ እናቶቻችን ከጥንት ያውቁ ነበር፤ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በሳይንስ መንገድ ያሳዩት ዶክተር አክሊሉ ናቸው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በትክክለኛ እንግሊዝኛ ለመናገር ሁለት ግስ፣ አንድ አያያዥና የጊዜ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። እኔ የምፈልገው የውድድር ጥያቄ ይህን የሚያስገድድ ነው።

እንግዲህ ውድድሩ እንዴት ይለወጥ? አብነቱን ከባሕላችን ማግኘት እንችላለን።

እንቆቅልሽ ስንጫወት ጠያቂው ስም አይጠይቅም፤ የነገሩን ጠባይ ይገልጻል፤ መላሹ ከጠባዩ ተነሥቶ ይደርስበታል፤ ካልደረሰበት አገር ይሰጣል። ይህን በእንግሊዝኛ ማድረግ ይቻላል። «እግር የለኝም፤ ሙቀት ሲያገኘኝ ከፍ እላለሁ፤ ቅዝቃዜ ሲያገኘኝ ዝቅ እላለሁ» ቢል አንዱ ቡድን፣ ሌላው ቴርሞሜትር መሆኑን ያውቃል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ቋንቋውን የሚሠራው ጠያቂው ነው። እንቆቅልሹን ለማዘጋጀት ቡድኑ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ መረዳትና «ሲ...» የምንለውን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ማሰር አለበት። አሁን በምናደርገው ውድድር ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚናገረው መምህሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አብነት የጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ነው። ተሟጋቹ «ተጠየቅ» እያለ ባላጋራውን በጥያቄ ይይዘዋል። ስልክን ለዚህ ስጧቸው። አንዱ ቡድን የቤል፣ አንዱ የግሬይ፣ አንዱ የሜዉቺ ጠበቃ ይሁን። መምህሩ የቀኖቹን ዝርዝር በአንድ ገጽ ያድል። ነጥብ የሚሰጠው ለማሸነፍ ሳይሆን ለሁለት ነገር ነው፦ ምክንያት ለያዘ ዓረፍተ ነገርና ባላጋራን ላሳሰበ ጥያቄ። የፍጥነት ነጥብ ይቅር። ፍጥነት በቤቱ እንግሊዝኛ የሚሰማውን ልጅ ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ ይህን ደግሞ ውድድሩ ሳይጀመርም ማን እንደሆነ እናውቃለን።

መምህራን ሁለት ተቃውሞ ያነሡብኛል። አንደኛው የክፍሉ ብዛት ነው፤ ስድሳ ተማሪ እንዴት ይሟገታል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በአሁኑ ውድድርም ከስድሳው የሚናገሩት አምስት ወይም ስድስት ናቸው። እንቆቅልሹን በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሦስት ተማሪዎች ቢያዘጋጁት፣ ሃያ እንቆቅልሽ ይገኛል፤ ሁሉም ባይቀርብ እንኳ ሁሉም ተጽፏል። ሁለተኛው ተቃውሞ ልጆቹ ሲዘጋጁ በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋቸው ይነጋገራሉ የሚል ነው። ይነጋገሩ። በዚህ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ጋር እለያያለሁ፤ ስለ ሙቀት በሚገባቸው ቋንቋ ተከራክረው የደረሱበትን በእንግሊዝኛ ቢያቀርቡ፣ ትርፉ የእንግሊዝኛው ነው። እንግሊዝኛ ብቻ ብለን ስናስገድድ የምናገኘው ዝምታ ነው።

ሦስተኛ፣ ጮክ ተብሎ የማይነገር ተቃውሞም አለ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ስለ ቴርሞሜትር ወይም ስለ ፔኒሲሊን የማይመልሰው ጥያቄ እንዳይነሣበት ይፈራል። ስለዚህ የፊዚክሱ ወይም የባዮሎጂው መምህር ከፊት ወንበር ይቀመጥ፤ ሐሳቡን እርሱ ይዳኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን የእንግሊዝኛው ይዳኝ። ሁለቱ በአንድ መልስ ላይ የተለያየ ነጥብ ሲሰጡ ክፍሉ ፊት ይከራከሩ፤ ተማሪው ሁለት መምህራን ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሟገቱ የሚያይበት ዕድል ብዙ አይገኝምና። በዚህ ሴሚስተር የማስተማር ልምምድ ለምትወጡ ተማሪዎቻችን የእንዶዱን ታሪክ በአንድ ገጽ፣ የስልኩን የቀን ዝርዝር በሌላ ገጽ አዘጋጅቻለሁ፤ ከቢሮዬ መውሰድ ትችላላችሁ። ሞክራችሁ ያልሠራውን ክፍል ጽፋችሁ እንድታመጡልኝ እጠይቃለሁ።

 ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።