ዘማሪው ሲሄድ ዝማሬው ይቆማል?

ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚወስደው አስፋልት መሐል ለመሐል ያልፍባታል። በዚህ አካባቢ የወንጌል አማኞች ቁጥር ጥቂት ነው፤ ጉባኤያቸውም ትንሽ ነው። ትንሽ መሆኑ ግን ከመዘምራን ጣጣ አላዳነውም።

ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድም ዩኒቨርሲቲ ተመደበና ሄደ። መልካም ድምፅ ያላት እህት ደግሞ የራሷን አልበም ለመሥራት ወደ አዲስ አበባ አቀናች። የቀሩት ስድስቱ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ «ከእንግዲህ የእርሷን መዝሙሮች አንዘምርም» አለ፤ ገሚሱ «መዝሙሩ የጌታ እንጂ የእርሷ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ሦስት እሑዶች ያለ መዘምራን አለፉ። በሦስተኛው እሑድ አንዲት እናት ልጆቹን ሰብስበው «ልጆቼ፣ ጌታ ነው ያኮረፋችሁ ወይስ እናንተ ናችሁ ጌታን ያኮረፋችሁት?» ሲሉ ጠየቋቸው። አንድም መልስ የሰጠ አልነበረም።

በዚያ ቀን በጉባኤው እንግዳ ነበርኩ። የእናታችን ጥያቄ አንድ የቆየ ታሪክ አስታወሰኝ። ታሪኩ የዓለማዊ ሙዚቃ ጓዶች ታሪክ ነው። «ይህ በመንፈሳዊ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጌታችን የዚህ ዓለም ልጆች በገዛ ትውልዳቸው ከብርሃን ልጆች ይልቅ ብልኆች የሚሆኑበት ጊዜ እንዳለ ማስተማሩን ግን አንርሳ (ሉቃ. 16፥8)። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሶል ኤኮስ እስከ ሮሃ

በ1970 ገደማ በአዲስ አበባ ሶል ኤኮስ የሚባል ባንድ ነበር። ድምፃዊው ተሾመ ምትኩ ነበር። ጥቂት ዘፈኖችን ከባንዱ ጋር ካስቀረጸ በኋላ አገር ጥሎ ወጣ፤ ኑሮውንም ስዊድን አደረገ። በ1998 ዓለም ሁሉ የሰማትን ዘፈን የዘፈነችው ስዊድናዊቷ ኤሚሊያ ልጁ ናት። ድምፃዊው ሲሄድ ባንዱ ያበቃለት መስሎ ነበር። ነገር ግን ከሙዚቀኞቹ አንዳንዶቹ ሌሎችን ጨምረው አይቤክስ የተባለውን ባንድ አቋቋሙ። አይቤክስ ማለት በሰሜን ተራሮቻችን የሚገኘው ዋልያ ነው።

በአይቤክስ ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን ሰላም ሥዩም ይጫወቱ ነበር። በ1975 ከማህሙድ አህመድ ጋር የሠሩት «እረ መላ መላ» በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታትሞ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለአውሮፓ አድማጭ አስተዋወቀ። በኋላም ባንዱ ስሙን ወደ ሮሃ ለወጠ፤ ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስም ነው። በዳህላክ ባንድ ሲሠራ የነበረው የኪቦርድ ተጫዋቹ ዳዊት ይፍሩም ተቀላቀለ። በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊው ከተማዋን በሚዘጋበት ጊዜ፣ በርካታ ድምፃውያን ካሴታቸውን የሠሩት ከሮሃ ጋር ነው። ስሙ ተለወጠ፣ ድምፃውያኑ ተፈራረቁ፣ ተጫዋቾች ወጡ፣ ገቡ፤ ሥራው ግን ቀጠለ።

ከብሥራተ ወንጌል የመጣው ስዊድናዊ

ለእኛ ለወንጌል አማኞች ከዚህ ታሪክ አንድ ገጽ በተለይ ቅርብ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1963 በአዲስ አበባ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያን ከፍቶ ነበር። ጣቢያው ቃለ እግዚአብሔርን በብዙ ቋንቋዎች ለአፍሪካና ለእስያ ያሰራጭ ነበር። እዚያ ይሠራ የነበረ አንድ ስዊድናዊ የድምፅ ባለሙያ በ1976 አይቤክሶችን በራስ ሆቴል አዳራሽ ቀረጻቸው። በመጋቢት 1977 ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። ጣቢያው ከባለቤቱ እጅ ወጣ፤ ያ ቅጂ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በዘመናችን በአዲስ መልክ ለአድማጭ ቀርቧል። የሰው ተቋም ሲዘጋ በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ አብሮ አይዘጋም።

ባንዱን ትቶ የሄደው ሙሉቀን

መለየት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የጎጃም ተወላጁ ሙሉቀን መለሰ ገና በልጅነቱ መድረክ ላይ ወጣ። ከፖሊስ ኦርኬስትራ እስከ ዳህላክ ባንድ ዘፍኖ ስመ ጥር ሆነ። በ1980ዎቹ፣ ዝናው ሳይደበዝዝ፣ ጌታን አግኝቶ ዓለማዊ ዘፈንን እርግፍ አድርጎ ተወ። ኑሮውን በአሜሪካ አድርጎ፣ በ2024 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በዝማሬ እግዚአብሔርን አከበረ። ብዙ አድናቂዎቹ ወደ ዘፈን እንዲመለስ ቢመኙም አልተመለሰም። ባንዱን የተወው ከሰው ተጣልቶ አልነበረም፤ ከእርሱ የሚበልጥ ጌታ ስለጠራው እንጂ።

የዋልያስ ባንድ አባላት ደግሞ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው ከመካከላቸው አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። ኪቦርዱን በመኪናው ይዞ እየዞረ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። የሚያጨበጭብለት ሰው አልነበረም። በ2013 የቆየ ሥራው እንደገና ሲታተም ግን እጁ ዝግጁ ስለነበር ወደ መድረክ ተመለሰ። ቅዱሳን ሆይ፣ ለጠፊ ነገር እንዲህ ከተተጋ፣ ለማይጠፋው ምን ያህል ልንተጋ ይገባናል?

መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያስተምረናል?

ዳዊት የአሳፍን፣ የኤማንንና የኤዶታምን ልጆች ለዝማሬ ሲለይ ቁጥራቸው 288 ነበር (1ዜና 25፥7)። ተራቸውም በዕጣ ተለየ። ታናሹም ታላቁም፣ መምህሩም ተማሪውም እኩል ዕጣ ጣሉ። ማንም «ይህ ቦታ የእኔ ነው» እንዳይል ሥርዓቱ ራሱ ከለከለ። ከእነርሱ አንዳቸውም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ዝማሬው ግን እኛ ዘንድ ደርሷል።

መለያየት በደግ ሰዎች መካከልም ይመጣል። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተከራክረው ተለያዩ (ሐዋ. 15)። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ፣ ጳውሎስም ሲላስን ይዞ ጉዞውን ቀጠለ። አንዱ ቡድን ሁለት ሆነ፤ ወንጌል ግን አልቆመም። ከዓመታት በኋላም ጳውሎስ በእስር ሳለ ያንኑ ማርቆስን ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና አምጡልኝ ብሎ ጻፈ (2ጢሞ. 4፥11)። የተለየንን ሰው በር ዘግተን አንሸኘው፤ ነገ እናስፈልገው፣ ያስፈልገን ይሆናል።

ስለዚህ መዘምራን ሁለት ነገር ያድርጉ። የመጀመሪያው፣ የሚያውቅ ሁሉ ሳይሄድ በፊት ሌላውን ያስተምር። አንድ ሰው ብቻ ኪቦርድ የሚነካበት ኅብረት በአንድ ደብዳቤ ይፈርሳል። ሁለተኛው፣ የሚሄደውን መርቀው ይሸኙ፤ የደረሰውንም መዝሙር ያለ ቂም ይዘምሩ።

የሐሙሲቶቹስ? በአራተኛው እሑድ ስድስቱም ተነሡ። ኪቦርድ አልነበረም፤ ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ነበር። የጀመሩት በዚያችው እህት መዝሙር ነው። ሞንታርቦው ጥግ ላይ ጠፍቶ ተቀምጦ ነበር፤ እናታችን ግን ከፊት ወንበር ሆነው ከሁሉ አብልጠው ይዘምሩ ነበር።

ጌታ ኅብረታችሁን ይባርክ።