ጉተንበርግ፦ ድረ ገጽ በብሎክ ሲጻፍ

ጋዜጣ ያለው ዜናውን፣ ሱቅ ያለው የዕቃውን ዝርዝር፣ ማኅበር ያለው የስብሰባ ጥሪውን ድረ ገጽ ላይ የሚያወጣበት ትልቁ መሣሪያ ዎርድፕረስ ነው። ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ይህ ነጻ ሶፍትዌር ዛሬ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ተሸክሟል። ለ15 ዓመታት ግን ጸሐፊው የሚሠራበት ቦታ አንድ ረጅም የጽሑፍ ሳጥን ብቻ ነበር። ሁለት ዓምድ ወይም የሚጫኑት ቁልፍ ያሻው ሰው ወይ ኤችቲኤምኤል ይማራል፣ ወይ በአራት ማዕዘን ቅንፍ የሚጻፉትን ሾርትኮዶች ይሸመድዳል፣ ወይ ፕሮግራመር ይለምናል።

ዲሴምበር 6 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ዎርድፕረስ 5.0 ሳጥኑን በብሎክ ኤዲተር ተካው። አንቀጹ አንድ ብሎክ፣ ርእሱ አንድ ብሎክ፣ ፎቶው አንድ ብሎክ ሆነ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይነሣል፣ ቦታ ይቀይራል፣ ቀለሙና መጠኑ ይስተካከላል። ኤዲተሩን የሠራው ጉተንበርግ የተባለው ፕሮጀክት ስሙን የወሰደው በ15ኛው መቶ ዘመን ማይንዝ ከተማ ላይ በተንቀሳቃሽ የብረት ፊደል ካተመው ከዮሐንስ ጉተንበርግ ነው። (ያ ጥበብ ወደ እኛ ፊደል ለመድረስ ብዙ አልቆየም፤ ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሮም ላይ ያሳተመው በ1513 እ.ኤ.አ. ነው።)

አዲስ ብሎክ የሚሠራ ፕሮግራመር ሥራውን የሚጀምረው ብሎክ ጄሰን ከሚባል አጭር ፋይል ነው። የብሎኩ ስም፣ ምድቡ፣ የሚይዛቸው መረጃዎችና የሚፈቅዳቸው ማስተካከያዎች እዚያ ይዘረዘራሉ። ከዚያ በጃቫስክሪፕትና ሪአክት በተባለው ላይብረሪው ሁለት ነገር ይጻፋል። አንደኛው ኤዲት ይባላል፤ ጸሐፊው ሲሠራ የሚያየውን ያሳያል። ሁለተኛው ሴቭ ነው፤ ጽሑፉ ሲቀመጥ ወደ ዳታቤዝ የሚገባውን ኤችቲኤምኤል ያወጣል።

የሙያው ክብደት ያለው ሴቭ ላይ ነው። ዎርድፕረስ ብሎኮችን በተለየ ሠንጠረዥ አይበትናቸውም፤ ጽሑፉ ሁሉ እንደ ድሮው በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ የእያንዳንዱ ብሎክ መጀመሪያና መጨረሻ ግን ለአንባቢ በማይታይ የኤችቲኤምኤል ማስታወሻ ይታጠራል። ጸሐፊው ጽሑፉን እንደገና ሲከፍት ኤዲተሩ አጥሩን አይቶ ብሎኮቹን ይለያል፣ ሴቭን ደግሞ ያስኬዳል፣ የወጣውንም ከተቀመጠው ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ካልተስማሙ ብሎኩ ያልተጠበቀ ይዘት እንዳለው የሚናገር ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። ፕሮግራመሩ ትናንት አንዲት የስታይል ስም ለውጦ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ያሳመረ መስሎታል። ከዓመት በፊት የጻፉ ሰዎች ግን ገጻቸውን ሲከፍቱ የሚያዩት ያንን ማስጠንቀቂያ ነው።

መድኃኒቱ የተሻሩ ቅርጾችን መዝገብ መያዝ ነው። ሴቭ በተለወጠ ቁጥር አሮጌው ከነመረጃ ዝርዝሩ በመዝገቡ ይቀመጣል፤ ኤዲተሩ የቀድሞውን ጽሑፍ በእሱ አንብቦ ወደ አዲሱ ቅርጽ ያሻግረዋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ጥሩውን ብሎክ ሠሪ ከመጥፎው የሚለየው ይኸው ነው።

ሌላም መንገድ አለ፦ ሴቭ ምንም ሳያስቀምጥ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ሰርቨሩ ላይ የሚሠራ የፒኤችፒ ኮድ ብሎኩን እንዲያዘጋጅ ማድረግ። የቅርብ ዜናዎች ዝርዝርን ወይም የሚዋዥቅ ዋጋን ለመሰለ ይዘት ትክክለኛው ይህ ነው። ችግሩ ብሎኩን የያዘው ተጨማሪ ፕሮግራም (ፕለጊን) የተነሣ ዕለት ብሎኩ ከገጹ ላይ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ሰው በእጁ የጻፈው ቃል በዚህ መንገድ ብቻ ሊያዝ አይገባም። ፕሮግራመሩ ሥራውን ቢተው፣ ፕለጊኑም ቢዘጋ፣ ጽሑፉ ተራ ኤችቲኤምኤል ሆኖ መነበብ አለበት።

በአማርኛ ለሚሠሩ ገጾች ደግሞ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያሻል። በኮዱ ውስጥ ለተጠቃሚ የሚታይ ጽሑፍ ሁሉ በትርጉም ተግባር ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ያለዚያ ገጹ አማርኛ ሆኖ ቁልፉ በእንግሊዝኛ ይቀራል። የፊደል ዓይነትና የመስመር ርቀትም በብሎኩ ውስጥ መቆለፍ የለባቸውም፤ ለላቲን ፊደል የተመጠነ ርቀት የእኛን ፊደል ሊያጨናንቀው ይችላል። ከዎርድፕረስ 6.5 ጀምሮ የገጹ ባለቤት እንደ ኖቶ ኢትዮጲክ ያለ ፎንት ራሱ ከኤዲተሩ መጫን ይችላል፤ ግትር ብሎክ ግን ይህን ምርጫ ይነፍገዋል።

ጉተንበርግ ያለ ተቃውሞ አልገባም። የድሮውን ሳጥን የሚመልሰውን ክላሲክ ኤዲተር የተባለ ፕለጊን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾች ጭነውታል፤ የመጀመሪያው እትም በስክሪን አንባቢ ለሚሠሩ ዓይነ ስውራን አስቸጋሪ ነው የሚለው ወቀሳም ተገቢ ነበር። ኤዲተሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ከዎርድፕረስ 5.9 ወዲህ የገጹ ራስጌና ግርጌም በብሎክ ሊሠሩ ይችላሉ።

ብሎክ ለመሥራት የተነሣ ወጣት ፕሮግራመር ያማረ ተንሸራታች ምስል ከመሥራቱ በፊት የራሱን የጉተንበርግን የአንቀጽ ብሎክ ይክፈት። ኮዱ ጊትሃብ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ተራ አንቀጽ እንኳ የተሻሩ ቅርጾቹን የያዘ የራሱ ፋይል አለው፤ ንባቡን ከዚያ ይጀምር።