የአሳሪዎቹ ስም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ባቱን የሚያውቃት በሐይቋ ዓሣና በአበባ እርሻዎቿ ነው። በእስር ቤቷ የሚያውቋት ደግሞ አሉ። ጋዜጠኞቹ ውብሸት ታዬና ተመስገን ደሳለኝ የፍርድ ዘመናቸውን የገፉት ሰው እስካሁን በከተማዋ የቀድሞ ስም «ዝዋይ» እያለ በሚጠራው ማረሚያ ቤት ነበር። ቤተሰብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ስንቅ ያመጣል። በር ላይ ሳህኑ ይከፈታል፤ ያመጣችው እናት ወይም እህት ከወጡም ከእንጀራውም ቆርሳ ጠባቂው ፊት ትቀምሳለች። ልጇን ልትመርዘው የመጣች ይመስል! አንዳንድ ቀን ደግሞ ይህን ሁሉ አልፋ «ዛሬ መጠየቅ አይቻልም» ትባላለች። የተመስገን ቤተሰቦች እንዳይጠይቁት መከልከላቸውን በተደጋጋሚ ተናግረዋል።

በዚያው ዘመን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህር የነበሩት ተቃዋሚ ፖለቲከኛው አቶ በቀለ ገርባ እስር ቤት ተቀምጠው የማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግሮች ወደ አፋን ኦሮሞ ይተረጉሙ ነበር። ነሐሴ 2003 ዓ.ም. የተያዙት ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ልዑካን ጋር በተነጋገሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው፤ በይግባኝ ተቀንሶላቸው በ2007 ዓ.ም. ወጡ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲፋፋም፣ ታህሳስ 2008 ዓ.ም.፣ ዳግመኛ ታሰሩ። የካቲት 2010 ዓ.ም. ሲፈቱ አዳማ ግልብጥ ብላ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ገቡ፤ የወጡት በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በሰላማዊ ትግል የሚያምኑ ሰው ናቸው።

አቶ በቀለ የተረጎሟቸው ኪንግም ብዕር ያነሱት በእስር ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1963 በርሚንግሃም፣ አላባማ ውስጥ ታስረው ሳሉ መጀመሪያ የጻፉት በጋዜጣ ኅዳግ ላይ ነው፤ ቁርጥራጩን ጠበቆቻቸው ይዘው ወጡ። ደብዳቤው የተጻፈው ለስምንት ነጭ የሃይማኖት አባቶች ነው። እነዚህ አባቶች ማንንም አልደበደቡም። የጥቁሮቹን ጥያቄ እናውቃለን፣ ግን ጊዜው አይደለም፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ይታይ፣ አደባባይ አትውጡ ነበር ያሉት። ኪንግ ከከተማዋ የጸጥታ ኃላፊ ከቡል ኮነር ውሾች ይልቅ ለእነሱ ረጅም መልስ መጻፋቸው ለእኔ የትግሉ ትልቁ ትምህርት ነው። ውሻና የውሃ ቧንቧ የለቀቀውን ኮነርን ዓለም በቴሌቪዥን አይቶ ፈርዶበታል። ግፍን ለዘመናት ያቆየው ግን ጨዋው፣ ሕግ ጠቃሹ፣ «ትንሽ ታገሱ» ባዩ ነበር። በሚሲሲፒ ኢንዲያኖላ እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረው የነጭ ዜጎች ምክር ቤት አባላት ነጋዴዎች፣ የባንክ ሰዎችና የከተማ ሹማምንት ነበሩ። ልጄ ከነጭ ልጅ ጋር ይማርልኝ ብሎ የፈረመ ጥቁር በማግሥቱ ሥራውን ያጣል፣ ብድሩ ይቋረጣል። ጥይት አልተተኮሰም፤ ሰውዬው ግን ተሰባብሯል።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1963፣ ጥር 1955 ዓ.ም.፣ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተመሠረተ። ኋላ የተቀላቀሉት ጄኔራል ታደሰ ብሩ፣ ኔልሰን ማንዴላን ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ስልት ያሠለጠኑት መኮንን፣ በፊደል ሠራዊት የማንበብና መጻፍ ዘመቻ ብዙ የደከሙ ሰው ነበሩ። ማኅበሩ ትምህርት ቤትና መንገድ ይሠራ ነበር፤ ወደ አዳማ ቅርብ በሆነችው ኢተያ የጠራው ስብሰባ ግን መንግሥትን አስደነገጠ። በ1959 ዓ.ም. ማኅበሩ ታገደ፤ ጄኔራሉ ከሞት ፍርድ ተርፈው ወደ ገለምሶ ተጋዙ፤ ኋላ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ረሸናቸው። የማኅበሩ አባል መቶ አለቃ ማሞ መዘምር ተሰቀሉ። ስማቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ማኅበሩን ይታገድ ያለውንስ? ክሱን ያረቀቀውን?

ሚሲሲፒ ይህን ጥያቄ ሳትወድ መልሳለች። ታጋዮችን የሚሰልለው የክልሉ መንግሥት ሉዓላዊነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1956 ተቋቁሞ በ1977 ሲዘጋ ሕግ አውጪዎቹ ፋይሉን ለሃምሳ ዓመት አሽገውት ነበር፤ ፍርድ ቤት አዝዞ በ1998 ተከፈተ። ጎረቤቱን የሰለለ ሰው ስሙ ወጣ። የአላባማው አገረ ገዥ ጆርጅ ዋላስ፣ በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቆሞ ጥቁር ተማሪዎችን አላስገባም ያለው፣ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 ኪንግ ያገለግሉበት በነበረው የሞንትጎመሪ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ መጠየቅ የቻለው ያደረገው በስሙ ስለሚታወቅ ነው።

እኛ አንድ ጊዜ ሞክረነዋል። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን ቃለ ጉባኤና የግድያ ትእዛዝ ከነፊርማው ችሎት ላይ ዘረጋው፤ ፍርዱ እስከ 1999 ዓ.ም. ተጓተተ እንጂ ማን ምን እንደፈረመ ታውቋል። በጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652/2001 ለታሰሩት ግን ይህ አልሆነም። በ2010 ዓ.ም. ክስ ተቋረጠ፣ ምሕረት ተሰጠ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰኔ ላይ ፓርላማ ቀርበው መንግሥት ራሱ ሰው ሲያሰቃይ እንደነበር አመኑ፤ አዋጁ በ1176/2012 ተተካ። ከዚያስ? «መንግሥት» ሆነ ጥፋተኛው። ጥቂት ባለሥልጣናት መከሰሳቸውን አልዘነጋሁትም። በልደታ ችሎቶች ክሱን ያቀረበ፣ ማስረጃ ብሎ የስልክ ንግግር የተረጎመ፣ ዝዋይ በር ላይ እናትን የመለሰ ትእዛዝ ላይ የፈረመ ሰው ግን አሁንም ስም የለውም። መዝገቡ ላይ አለ፤ የሚያነበው የለም።

ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት ማፈላለግን ይጠቅሳል። እውነት የሚገኘው ከተፈቺዎች አንደበት ብቻ አይደለም፤ እነሱማ ሲናገሩ ኖረዋል። የማረሚያ ቤቶቹ የጠያቂ መዝገብ፣ የክልከላ ደብዳቤዎችና የስልክ ጠለፋ ትእዛዞች ከነፈራሚያቸው ለሕዝብ ይከፈቱ። ባቱ ካለው ይጀመር።