ለተጋበዙ ደንበኞች ብቻ የሚከፈት የዋጋ ዝርዝር አልከፈት ሲል

የዋጋ ዝርዝርን በወረቀት አባዝቶ በመልእክተኛ ለየሱቁ ማደል እየቀረ ሄዶ፣ ብዙ አስመጪዎችና አከፋፋዮች ዝርዝራቸውን በኢንተርኔት ላይ በሚቀመጥ ፋይል ጽፈው፣ በስም ለለዩአቸው ደንበኞች ብቻ እንዲከፈት አድርገው ማኖር ጀምረዋል። ቡና ላኪውም እንዲሁ የናሙናውን ውጤትና የሚጠይቀውን ዋጋ በባሕር ማዶ ላሉት ገዢዎቹ በዚሁ መንገድ ያሳያል። አሠራሩ የሚመሰገን ነው። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ወረቀት ማሳተም አያስፈልግም፤ ገዢውም ምንጊዜም የሚያየው የመጨረሻውን ዋጋ ነው።

ዳሩ ግን ከአሠራሩ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም በስሙ የተጠራው ደንበኛ መግባት አቅቶት በር ላይ መቅረቱ ነው። ባለሱቁ «ላክሁልህ ያልኸኝ ዝርዝር አይከፈትም» ብሎ ይደውላል። አከፋፋዩ «ከእኔ ዘንድ ይከፈታል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ በዚህ መካከል ግን ዕቃው ለሌላ ይሸጣል። ከዚህም የሚብሰው ደግሞ አከፋፋዩ ሰልችቶት ፋይሉን «አድራሻው የደረሰው ሰው ሁሉ እንዲያየው» ብሎ የከፈተው እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ የደንበኛው ችግር ወዲያው ይወገዳል፤ ነገር ግን ያው አድራሻ በቴሌግራም ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ውሎ፣ የጅምላው ዋጋ ከተወዳዳሪው ነጋዴ እጅ ይገባል፤ ለአንዱ ደንበኛ በልዩ ሁኔታ የተቀነሰለትንም ዋጋ ሌላው ደንበኛ ያየዋል። አንድ ጊዜ የታየ ዋጋ ደግሞ ተመልሶ አይሸሸግም። ስለዚህ በሩን ለሁሉ ከመክፈት ይልቅ የተጠራው ሰው ለምን እንዳልገባ መርምሮ ማወቅ ይሻላል፤ ምርመራውም ብዙውን ጊዜ ከዐሥር ደቂቃ አያልፍም።

ከሁሉ አስቀድሞ ደንበኛው «አልከፈት አለኝ» ከማለት ይልቅ በገጹ ላይ የተጻፈውን ቃል እንዳለ እንዲያነብ ወይም ፎቶግራፉን አንሥቶ እንዲልክ መጠየቅ ይገባል። ቃሉ የበሽታውን ስም ይናገራልና። 401 የሚለው ቁጥር ከታየ፣ ገጹ «ማን እንደ ሆንህ አላወቅሁም» ማለቱ ነው፤ 403 ከሆነ ግን «ማንነትህን ዐውቄያለሁ፤ ነገር ግን እንድትገባ አልተፈቀደልህም» ማለት ነው። 404 ደግሞ በተጠቀሰው አድራሻ የተገኘ ነገር የለም ማለት ሲሆን፣ አንዳንድ ገጾች ግን የተሸሸገ ነገር መኖሩ እንኳ እንዳይታወቅ ብለው ላልተፈቀደለት ሰው ሆን ብለው ይህንኑ ቁጥር ያሳያሉ። እንግዲህ 403 የታየው ሰው የይለፍ ቃሉን ዐሥር ጊዜ ቢለዋውጥ ድካም ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበረና።

ለ403 ዋነኛው ምክንያት የተጠራው አድራሻና የገባው አድራሻ መለያየቱ ነው። ግብዣው የሚጻፈው ለሰውዬው ሳይሆን ለአንድ የኢሜይል አድራሻ ነው። ብዙ ነጋዴ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት አድራሻ አለው፤ አንዱን ስልኩን ሲገዛ ሻጩ ያወጣለት፣ ሁለተኛውን ለድርጅቱ ያወጣው፣ ሦስተኛውን ልጁ የከፈተለት ይሆናል። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ የጉግል አድራሻዎች አብረው የተከፈቱ እንደ ሆነ፣ ገጹ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው አስቀድሞ የተከፈተውን ነው፤ ያም ያልተጋበዘው ከሆነ በሩ ይዘጋል። መፍትሔው ቀላል ነው። በብራውዘሩ ላይ ኢንኮግኒቶ የሚባለውን የግል መስኮት መክፈት፣ የተላከውን አድራሻ በዚያ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያም በተጋበዘው ኢሜይል ብቻ መግባት ነው። በዚህ መንገድ ከተከፈተ የችግሩ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

ጋባዡም የራሱን ጽሕፈት መመርመር አለበት። በጂሜይል አድራሻ ውስጥ የነጥብ መኖርና አለመኖር፣ የፊደሉም ትልቅና ትንሽ መሆን ለውጥ አያመጣም፤ በሌሎች ኢሜይሎች ግን ነጥቧ ሌላ ሰው ልታደርግ ትችላለች። አድራሻውን በስልክ ሰምቶ ከመጻፍ ይልቅ ደንበኛው ራሱ አንድ ኢሜይል እንዲልክ አድርጎ ለዚያው መመለስ ከሁሉ የታመነ ነው። የድርጅቱ አድራሻ የጉግል ያልሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ደንበኛው አድራሻውን ሳይለውጥ በዚያው ኢሜይል የጉግል መለያ ማውጣት ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

የግብዣው ደብዳቤ ራሱ አልደረሰ እንደ ሆነ ስፓም በሚባለው የውድቅ መልእክቶች ሣጥን ውስጥ መፈለግ ነው። አንዳንድ አገልግሎቶች ግብዣውን ከተወሰነ ቀን በኋላ ይሽሩታል፤ ሌሎችም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ያደርጉታል። በዚህ የተነሣ በብዙ ቢሮዎች የሚደርስ ነገር አለ። ጸሐፊዋ ደብዳቤዎችን ስትከፍት ግብዣውንም በራሷ መለያ ትከፍተዋለች፤ ግብዣውም በእርሷ ስም ይያዛል፤ ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ ሲሞክር ይከለከላል። እዚህ ላይ ጥፋተኛ መፈለግ አያስፈልግም፤ አዲስ ግብዣ መጠየቅ ይበቃል።

ግብዣው በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የደረሰ ከሆነም፣ ሲነኩት የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ባለ ትንሽ መስኮት ነው። ይህ መስኮት ነጋዴው በዋናው ብራውዘር መግባቱን አያውቅም፤ ጉግልም በእንደዚህ ያለ መስኮት በኩል መግባትን አይቀበልም። በላይኛው ማዕዘን ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ነክቶ በክሮም ወይም በሳፋሪ እንዲከፈት ማዘዝ ነው። የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ ወዲያው እንደገና «ግባ» እያለ የሚመላለስ ገጽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኩኪ የሚባለው ማስታወሻ ተከልክሎበት ነው። ኩኪ በ1994 እ.ኤ.አ. በኔትስኬፕ ኩባንያ የተፈለሰፈ፣ ገጹ ሰውዬውን ለይቶ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ትንሽ ጽሑፍ ነው፤ እርሱ ከተከለከለ ገጹ እንግዳውን በየደቂቃው ይረሳዋል።

በአገራችን በተለይ የሚደርስ፣ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ግን ተጽፎ የማይገኝ አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም የሰዓት ነገር ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር፣ ብዙ ሰው ጠዋት በ3 ሰዓት ስልኩ 9 እንዳይልበት ብሎ ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ለዐይን ይመቻል፤ ስልኩ ግን ገና ሌሊት ነው ብሎ ይረዳዋል። ለተጨማሪ ጥበቃ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ባለ 6 አኀዝ ቁጥር የሚያወጡት ፕሮግራሞች ደግሞ ቁጥሩን የሚያሰሉት ከሰዓቱ ነው። ስለዚህ ስልኩ የሚያወጣው ቁጥር ከስድስት ሰዓት በፊት ያለፈበት ይሆናል፤ ባለቤቱ ምንም ያህል ተጠንቅቆ ቢጽፈው ተቀባይነት የለውም። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር ያስገባ ሰው ከዚህ የባሰ ይገጥመዋል። ገጾች ማንነታቸውን የሚያስረዱበት የኤሌክትሮኒክ የምስክር ወረቀት አለ፤ ዕድሜውም በ2020 እ.ኤ.አ. ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ነው ብሎ የሚያምን ስልክ ይህን ወረቀት ሲያይ ገና ያልተጻፈ ሆኖ ስለሚያገኘው «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ መንገዱን ይዘጋል። መድኃኒቱ ቀንና ሰዓት ከኔትዎርክ በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ ነው፤ የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን ለብቻው የሚያሳይ ፕሮግራም ስላለ ባህላችንን መተው አያስፈልግም።

የይለፍ ቃል ሲጻፍ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን፣ የግዕዝ ፊደል መጻፊያው ሳይጠፋ የቀረ እንደ ሆነ ስሕተቱ አይታይም። በስሙ ቦታ ላይ ጥቂት ፊደል ጽፎ ማየት፣ ወይም የዐይን ሥዕሏን ነክቶ ቃሉን መግለጥ ይበቃል። ስልክ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ሊያደርገው፣ ከሌላ ቦታ የተቀዳም ቃል ባዶ ቦታ አስከትሎ ሊመጣ ይችላል። በስልክ መልእክት የሚላክ ቁጥር አልደርስ ያለው ሰው ደግሞ የስልክ ቁጥሩን 251 ብሎ ሲጽፍ መነሻዋን ዜሮ አስቀርቶ እንደ ሆነ ያረጋግጥ፤ ሲም ካርዱን የለወጠ ከሆነ ቁጥሩ የሚሄደው ወደ አሮጌው ነው። ሦስት አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ማቆም ይሻላል፤ ብዙ ገጾች በተደጋጋሚ የሚሳሳተውን ሰው ለጊዜው ይዘጉበታልና።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ አንድ አደጋ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። አጭበርባሪዎች ነጋዴው መግባት ተቸግሮ እንደሚጨነቅ ያውቃሉ። «መለያህ ስለ ተዘጋ ላስተካክልልህ፤ አሁን በስልክህ የሚደርስህን 6 አኀዝ ንገረኝ» ብለው ይደውላሉ፤ ወይም መልኩ እውነተኛውን የሚመስል፣ በአድራሻው ውስጥ ግን አንዲት ፊደል የተለወጠችበት ገጽ ይልካሉ። ቁጥሩን የተናገረ ሰው የቢሮውን ቁልፍ እንዳስረከበ ይቈጠራል። ኢሜይሉ የተወሰደበት ላኪ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ሌባው ዝም ብሎ ደብዳቤዎቹን ሲያነብ ቆይቶ፣ ክፍያ በሚደርስበት ቀን ለገዢው «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» ብሎ በላኪው ስም ይጽፋል፤ ገንዘቡም ወደ ሌላ ይሄዳል። እንደዚህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ነጋዴ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በሚያውቀው ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ አለበት። ዝርዝሩን የጋበዘው አከፋፋይም የደንበኛውን የይለፍ ቃል የሚጠይቅበት ምክንያት ምንም የለም፤ አድራሻውን ማወቅ ብቻ ይበቃዋል።

ጋባዡ በአንድ ደብተር የሱቁን ስም፣ የተጋበዘውን ኢሜይል፣ የተጋበዘበትን ቀንና የሚጠቀምበትን ሰው ስም ቢይዝ፣ ከላይ ከተዘረዘረው ችግር አብዛኛው በአንድ የስልክ ጥሪ ያልቃል። ይኸው ደብተር ሥራ የለቀቀውን ሠራተኛ ወይም ውሉ ያለቀውን ወኪል ለመሰረዝም ይረዳል። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ስሙ ከዝርዝሩ ሳይሰረዝ የቀረ የቀድሞ ወኪል ግን «ተጋብዤ ነበር» ለማለት ይችላል። ስለዚህ ወኪሉ ቁልፍና ማኅተም በሚያስረክብበት ዕለት አድራሻውም ከተጋባዦቹ ስም ይውጣ፤ ከዚያም ጋባዡ በግል መስኮት ገብቶ፣ ፋይሉ ላልተጠራ ሰው በእርግጥ የማይከፈት መሆኑን በገዛ ዐይኑ ይመልከት።